ኩርፈኛው መጨረሻ ነው የሚከፈተው

ጋሼ ቧንቧና ቁጥር ዓይንና ናጫ ናቸው። ስልክ ቁጥራቸውን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው "እንካ፣ እዚሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም" ብለው ያቀብሉታል። የቤታቸውን አድራሻ የሚያስመዘግቡት "ሰማያዊ በር፣ ደወሉ የማይሠራው" እያሉ ነው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅላቸው የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ብቻ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ቆጥሮ ቆጥሮ ጡረታዎ ደርሷል ብሏቸዋል።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት። ቫልቮቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ ቫልቭ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ታርጋ አለው፤ የመሥሪያ ቤቱ ካርታም የሚያውቃቸው በቁጥር ነው። ጋሼ ቧንቧ ግን ታርጋ ዞር ብለው አያዩም። ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል። አልቃሻዋ አለች፤ የቱንም ያህል ቢያጠብቋት ጠብ ጠብ ማለቷን የማትተው። ደንቆሮው አለ፤ ሦስቴ በመዶሻ ካላንኳኩበት የማይሰማ። ለጋሷ አለች፤ ኮረብታው ላይ ተቀምጣ ገና ሲነኳት ለሰፈሩ ሁሉ የምታዳርስ። ደግሞ ኩርፈኛው አለ። እሱ ታች፣ ከሕፃናት መዋያው አጥር ሥር ነው። ጠዋት ውሃ ሲለቀቅ ለጋሷ ከሁሉም ቀድማ ተከፍታ ቧንቧው ውስጥ ያደረውን አየር ማስወጣት አለባት፤ ኩርፈኛው የሚከፈተው መጨረሻ ነው። ቀድሞ ከተከፈተ አየሩ ይታፈንና ቧንቧውን ያፈነዳዋል። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ሠራተኛ ተራውን ስቶ የመዋያው ግቢ ለሁለት ቀን ኩሬ ሆኖ ሰነበተ። በነገሩ የተደሰቱት ሕፃናቱ ብቻ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገችው ፕሮግራመሯ ችኩሌ ናት፤ የጋሼ ቧንቧ ልጅ ናትና። ባልደረቦቿ ይህን ስም ያገኘችው ጣቷ ኮምፒውተር ላይ ስለሚፈጥን ይመስላቸዋል። ስሙን ያወጡላት ግን አባቷ ናቸው፤ ያኔ ጣቷ ገና ምንም አልጨበጠም። አባትና ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ወሬ እንዳይበዛ ተብሎ በመካከላቸው ደንብ አለ፤ ከበሩ ውጪ "አባዬ" እና "አንተ"፣ ከበሩ ውስጥ "ጋሼ" እና "እርስዎ"። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሲጨቃጨቁ መጥተው ልክ በሩን ሲያልፉ "እንደምን አደሩ ጋሼ?" ትላቸዋለች። ዘበኛው ይህን በሰማ ቁጥር ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ያዞራል።

ነገር የመጣው ከሞተሮቹ ጋር ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ቫልቮቹን ሰው ሳይሆን ሞተር ሊያዞራቸው ነው፤ ሞተሮቹን የሚያዘው ደግሞ ችኩሌ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። ሞተሮቹን ኤሌክትሪሺያኑ ተክሎ ጨርሷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኃላፊዋ፣ ያለ ፎርም ውሃ እንኳ የማትጠጣ ሴት፣ የቫልቮቹን ጠባይ የሚያውቅ ሰው የአከፋፈት ተራውን ከፕሮግራሙ ላይ አንብቦ "ትክክል ነው" ብሎ እንዲፈርም አዘዘች። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን ጡረታ ይወጣሉ።

ችኩሌ ጋሼን ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ረጅም ጊዜ አዩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፕሮግራሙ ነው ጋሼ። ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ክፍል አለው፣ ሞጁል ይባላል። ይሄ ቪ አሥራ አራት ነው፣ ይሄ ቪ አሥራ ዘጠኝ…"

"ቪ አሥራ አራት ማን ነው?"

"ቆይ፣ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ።" ባለፈው ወር አብራቸው ከጉድጓድ ጉድጓድ ዞራ፣ እሳቸው ስሙን ሲጠሩላት እሷ ከታርጋው ላይ ቁጥሩን እያየች የጻፈችውን ወረቀት አወጣች።

ጋሼ ወረቀቱን አልተቀበሏትም። "ማሽኑ የሚያነበው ይሄን ወረቀት ነው?"

"አይ፣ ማሽኑ የሚያነበውስ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው።"

"ታዲያ እኔ ይሄን ለምን አነባለሁ?"

"እሺ፣ እዚሁ ፕሮግራሙ ውስጥ ከጎኑ ማስታወሻ ልጻፍልዎ። 'ይሄ አልቃሻዋ ናት' እያልኩ።"

"እሱንስ ማሽኑ ያነበዋል?"

ችኩሌ መዋሸት አልቻለችም። "ማስታወሻ ሲሆን… ይዘለዋል።"

"እሱ በዘለለው ላይ እኔ አልፈርምም" አሉና ተነሡ።

ግትርነት ብቻ አይደለም። ጋሼ ቧንቧ በወጣትነታቸው የካርታ ግልባጭ አምነው ሦስት ቀን ሙሉ የሰው አበባ ቆፍረዋል፤ ቧንቧው የነበረው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋናውን በእጃቸው ሳይነኩ፣ በዓይናቸው ሳያዩ እሺ ብለው አያውቁም። ላቲን ፊደል አይችሉም እንጂ በራሳቸው ፊደልማ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰው ማስታወቂያው ላይ የሚከራከሩ ሰው ናቸው።

ኃላፊዋ ስትሰማ ትከሻዋን ሰበቀች። "ካልፈረሙ ከዋናው ቢሮ ባለ ዲግሪ አስመጣለሁ። ምን ላድርግ? ጡረታ በወጡ ሰኞ ሥራው መጀመር አለበት።"

ባለ ዲግሪው ኩርፈኛውን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ችኩሌን ግን ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። በትምህርት ዘመኗ ሁሉ ካርዷ ላይ ትፈርም የነበረችው እናቷ ናት። አባቷ ካርዱን ሲያዩ "ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው? እናትሽ ታውቃለች" ብለው ይመልሱላት ነበር። አንደኛ ስትወጣም እንደዚያው ነው። አሁን አባቷ በሚያውቁት ነገር ላይ፣ እሷ በምታውቀው መንገድ ሥራ ሠርታለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ የእሳቸውን ፊርማ ማየት አማራት። ከአርባ በላይ ሌሊት በሠራችበት ነገር ላይ ባለ ዲግሪ እንዲፈርም አልፈለገችም።

ሞጁሎቹን ለምን በስማቸው አትጠራቸውም? ሞክራለች። የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ግን የሞጁል ስም በትልቁ የላቲን ፊደል ካልጀመረ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ነው። "አልቃሻዋ" ብላ ብትጽፍለት ቀይ በቀይ ሆኖ ይህ ምልክት አይታወቅም አላት። ሌላ ቋንቋ ልቀይር እንዳትል ፕሮግራሙን ከሀ ጀምሮ እንደገና መጻፍ ነው።

ደግነቱ ቋንቋው ባለቤት የለውም፤ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው እየተጻጻፉ የሚጠብቁትና የሚያሻሽሉት። ችኩሌ ያንኑ ቀን ደብዳቤ ላከችላቸው፤ የእኛንም ፊደል ለሞጁል ስም ፍቀዱልን፣ ማሻሻያውን ራሴ ጽፌ አመጣለሁ ስትል። በማግስቱ መልስ መጣ። የመለሰው ከፎቶው ላይ ከጢም በቀር ምንም የማይታይ ሰው ነው፤ ችኩሌ ወዲያው "ጢሞ" አለችው። ጢሞ ትሁት ነው፣ ግን ችክ ያለ። ሁለት ጥያቄ ነበረው። አንደኛ፣ ሞጁል የሚለየው በትልቅ ፊደል በመጀመሩ ነው፤ ከእናንተ ፊደሎች ትልቆቹ የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ ይህ ለማን ይጠቅማል? ፕሮግራመር ሁሉ እኮ ላቲን ያነባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መሥሪያ ቤቱን አተራመሰው። ምሳ ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሺያኑ "ሀ ነው ትልቁ፣ ቀድሞ የተቀመጠው እሱ ነው" አለ። ጸሐፊዋ "መቅደም ትልቅ ካደረገ እኔ ሁልጊዜ ቢሮ የምገባው ከአለቃ ቀድሜ ነው" አለችው። ኃላፊዋ ሳትቀር ጎራ ብላ በጉዳዩ ላይ ኮሚቴ ይቋቋም ልትል ምንም አልቀራትም። ጋሼ ቧንቧ ዳቦአቸውን አላምጠው ዋጡ።

"የኛ ፊደሎች አለቃና ምንዝር የላቸውም በያቸው" አሉ። "ሁሉም አንድ ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት። ማን ምን እንደሆነ ከቆመበት ቦታ ይታወቃል።"

ችኩሌ ዳቦዋን ጥላ ሮጠች። መፍትሔው እሱ ነበራ! ፊደሉ ትልቅ ትንሽ ከሌለው ቋንቋው ትልቅ ነው ትንሽ ብሎ አይጠይቅ፤ በሞጁል ቦታ ከቆመ ሞጁል ነው። በሁለት ቀን ጽፋ ላከችው። ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ በክርክር አልመለሰችም። ላቲን ስለማያነቡ፣ ሳያነቡ ስለማይፈርሙ አንድ ሽማግሌ ጻፈች፤ ከሥሩ የሠላሳ አንዱን ቫልቮች ስም ከነጠባያቸው ዘረዘረች።

ጢሞ ሦስት ቀን ጠፋ። ችኩሌ በየሰዓቱ ገጹን እያደሰች ጥፍሯን ጨረሰችው። በአራተኛው ቀን የመጣው መልስ ስለ ፊደል አንድም ቃል የለውም። "ኩርፈኛው የሚያኮርፈው ለምንድን ነው?" ይላል።

ነገረችው፤ አየሩን፣ ተራውን፣ የመዋያውን ኩሬ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። አንዷ ጠባቂ አልቃሻዋን ማንም አላጽናናትም ወይ ብላ ጻፈች። ሌላው ደንቆሮውን የሚመቱት በምን ዓይነት መዶሻ እንደሆነ ካልተነገረው እንቅልፍ እንደማይወስደው አስታወቀ። በዚህ መሃል ማሻሻያዋን እየመረመሩ፣ እያረሙ፣ አንዳንዴም እየተቆጧት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ለሙከራ በሚለቀቀው እትም ውስጥ አስገቡላት። ጢሞ ከታች "ለጋሼ ሰላምታ" ብሎ ጨመረበት።

ችኩሌ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ዝርዝሯን ለኮምፒውተሩ ሰጥታ በአንድ ትእዛዝ ሠላሳ አንዱንም ሞጁሎች ስማቸውን ለወጠች። አሥራ አራት ኩርፈኛው ሆነ፣ አሥራ ዘጠኝ ለጋሷ ሆነች፣ ሁሉም ስም ስሙን አገኘ። "ክፈት"፣ "ጠብቅ"፣ "ዝጋ" የሚሉትን ትእዛዞችም በዚያው ቀየረቻቸው። መለስ ብላ አንዴ አንብባ ቢሆን ኖሮ… ግን ስሟ ማን ሆነና!

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ የታጠበ ቱታ ለብሰው መጡ። ኃላፊዋ ፎርሟን ይዛ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሻዩን ይዞ ከኋላ ቆሙ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አደረጉ፣ አጎነበሱ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ።

"አልቃሻዋ" አሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው። "ይቻት! ደንቆሮው… ማሽኑ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራቸው?"

"አዎ ጋሼ። ልክ እንዲህ ብሎ።"

"ወረቀት አይደለም? አይዘለውም?"

"አይዘለውም። ዋናው ነው።"

ጋሼ ወንበሩን ወደፊት ሳቡና የጠዋቱን የአከፋፈት ተራ ከላይ ጀምረው ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሙ። መልሰው አነበቡት።

"ኩርፈኛው፣ ክፈት።" ቀና አሉ። "መጀመሪያ?"

ጣታቸውን ወደ ታች እየሳቡ እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ።

"ማን ነው ኩርፈኛውን መጀመሪያ የሚከፍት? ለጋሷ እዚህ መጨረሻ ላይ ተጥላለች! አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት መዋያውን ልታጥለቀልቂው ነው እንዴ?"

ችኩሌ ካርታውን ዘረጋች። ካርታው ላይ አሥራ አራት ኮረብታው ላይ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ መዋያው ሥር ነው፤ ተራውን የጻፈችው ከዚያ ነው፣ ልክ ነው። ዝርዝሯን አወጣች። እዚያ ደግሞ አሥራ አራት ኩርፈኛው ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሻዩን አስቀመጠ። "እኔ ሽቦ የዘረጋሁት ታርጋውን እያየሁ ነው" አለ፣ ሳይጠየቅ።

አራቱም ተያይዘው ወደ መዋያው ወረዱ። ኤሌክትሪሺያኑ ክዳኑን አነሣው። ካርታው አሥራ ዘጠኝ የሚለው ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ ቀለሙ የተላላጠ ታርጋ አለ፤ አሥራ አራት ይላል። ኮረብታውን እያለከለኩ ወጡ። ለጋሷ ላይ አሥራ ዘጠኝ ተለጥፏል። ታርጋዎቹ ተለዋውጠው ኖረዋል፤ ፕሮግራሙ በቁጥር ቢቀር ኖሮ ለጋሷን ከፈትኩ ብሎ ኩርፈኛውን ይከፍት ነበር። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጠረጥር፣ በባለ ዲግሪ ፊርማ።

"የትኛው ዓይነ ስውር ነው ይሄን ያሰረው?" አለች ኃላፊዋ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ጋሼ ቧንቧ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቀጠሉ።

"ቀለም ልቀባቸው ሁለቱን ፈትቼ ነበር። እዚያ ታች ቁጭ ብዬ ቀብቼ ጨርሼ፣ የታችኛውን ልሰር ስል የመዋያው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። ስልክ ተደውሏል፣ ባለቤትህ ሆስፒታል ገብታለች አለኝ። ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል ብለን ነበር እኮ! እጄ የገባውን እዚያ አሰርኩት። ሆስፒታሉ በዚህ በኮረብታው በኩል ነው፤ ሌላውን ሳልፍ እዚህ አሰርኩትና በረርኩ።"

"ሚስትህ ምጥ ላይ ሆና ታርጋ ታስር ነበር?" አለች ችኩሌ። "አባዬ!"

"ብሎኑ እጄ ላይ ነበራ!" አሉ ጋሼ። "ለእናትሽ ትነግሪና!"

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጀርባውን ሰጣቸው። ችኩሌም ሳቀች፣ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አባቷ ዞር ብለው ያላዩት ታርጋ ከእሷ ጋር አንድ ቀን የተወለደ ነው። እሳቸው ቸኩለው ያሰሩትን እሷ ቸኩላ አነበበችው። ከሁለት አንዳቸው ረጋ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

ጋሼ ካቻቢቴ ከኪሳቸው አውጥተው ታርጋውን ሊፈቱ ሲነሡ ኤሌክትሪሺያኑ እጃቸውን ያዘ። "በፈጠረዎ ጋሼ፣ አይንኩብኝ! ሽቦው ሁሉ በታርጋው ነው የተሰየመው። ካርታውን እናስተካክላለን።"

ቢሮ ተመልሰው ችኩሌ ሁለቱን መስመሮች አቀያየረች፤ ለጋሷ ወደ ላይ ወጣች፣ ኩርፈኛው መጨረሻ ቦታውን ያዘ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አሁን ትክክል ነው" አሉ። "ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል።"

ኃላፊዋ ፎርሙን ዘርግታ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። ስህተት ስለተገኘ ተጨማሪ ገጽ መሞላት ነበረበት። "የስህተቱ ምክንያት፦ የታርጋ መለዋወጥ" እያለች ጻፈች። "ስህተቱ የተፈጠረበት ቀን?"

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞሩ፣ ዞረውም ተጸጸቱ። ቀን ቁጥር ነው። ሰውየው የራሳቸውን የልደት ቀን አያውቁም።

"ቀኑን እኔ እንጃ" አሉ ጋሼ። ትንሽ አሰቡ። "ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።"

"ምኑ?"

"እሷ።" በአገጫቸው ወደ ችኩሌ አመለከቱ። "ነርሷ ሚዛን ላይ አድርጋ ጠራችልኝ። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቁጥር የሚገባበት ቦታ አልነበረኝም።"

ችኩሌ ቀኑን ነገረቻት፤ የራሷን የልደት ቀን። ኃላፊዋ ጻፈችና እስክሪብቶውን ለጋሼ አቀበለች። ጋሼ ቧንቧ ጎንበስ ብለው፣ ጊዜ ወስደው፣ ሙሉ ስማቸውን አስፍረው ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን አልመለሱም።

"ክብደቱንም ጻፊው" አሉ።

"ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ የክብደት ቦታ የለም እኮ።"

"አባዬ ጻፊው ካለሽ ጻፊው" አለች ችኩሌ።

ኃላፊዋ አባትና ልጁን ተራ በተራ አየቻቸው። ፎርሙን ወደ ጎን አዙራ ኅዳጉ ላይ ጻፈችው።